ርእሶቹ ሁሉ እኩል ነበሩ

መብራት መጣ ዘሊካ! አልሐምዱሊላህ... ማራገቢያው እንኳ እፎይ አለ። ይሄ የጀሪፍ ሰፈር ካህረባ እንደ ኩሩ ሙሽራ ነው፤ ሲለምኑት ይሸሸጋል፣ ሲረሱት ከች ይላል። ነዪ እስኪ፣ ጥላው ሥር ተቀመጪ፤ ምንጣፉን ወደዚህ ሳብ አድርጊው። የዛሬው ሙቀት ጉድ ነው አይደል? የጎረቤት ፍየሎች የአብዮቱ ሥዕል ካለበት ግድግዳ ሥር ተጋድመው፣ «መደኒያ! መደኒያ!» እያሉ የሚሯሯጡትን ልጆች በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፤ በሌላው ይተኛሉ። የሲቪል መንግሥት ለፍየልም ተስማምቷታል።

ከርከዴ ልቅዳልሽ? በረዶ አለው። ለእንግዳችንም ቀድቼለታለሁ። ያውና፣ ከኒሙ ዛፍ ማዶ፣ የገመድ አልጋው፣ ዐንገሬቡ ላይ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ... ተዪው፣ አትጥሪው። ሥራ ላይ ነው። የሚመጣው እኛ ቤት ሽበካው፣ ኔትዎርኩ ስለሚይዝለት ነው፤ ሌላ ምን ሊፈልግ ይመጣል? ሽማግሌ የላከ ሰው በዚህ ቀን እቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ነው የሚጠብቀው። እንግዳችን ግን ላኪ አይደለም፤ ሽበካ ፈላጊ ነው። ሲጽፍ ደግሞ ጆሮው አይሰማም። እንዲህ ነው ጸሐፊ።

ስለዚህ እንደ ልባችን እናውራ።

የማወራሽ ስለ እሱ አይደለም፣ አስተግፊሩላህ! ስለ ሌላ ሰው ነው። ስለ አንድ... ስሙ ጠፋኝ እንጂ ሰውየውን ታውቂዋለሽ። ስሙንስ ባልጠራው ምን ይጎድላል? እሱ ራሱ በየገጹ አናት ላይ ጽፎት የለም እንዴ? ከርእሱ ተለቅ፣ ከፎቶው አነስ አድርጎ።

ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። አጎትሽ ጂብሪል «እኔ የምመልሰው እሷ ያለችኝን ነው» ብለዋል፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እሺም ትያለሽ፣ እምቢም ትያለሽ፤ ነገሩ ያንቺ ነው። እኔ ምን አገባኝ? አንድም ቃል አልመክርሽም። እኔ የማወራሽ ስለ ርእስ አቀማመጥ ነው። ሞያዬ አይደል? ሳምንቱን ሙሉ ማተሚያ ቤቱ፣ መጥበዓው ውስጥ የሰርግ ካርድ ስነድፍ ከርሜ፣ ዛሬ ጁማ ነው ብዬ አፌን ልዝጋው?

ምን ያህል ሰርግ እንዳለ ብነግርሽ አታምኝም። ወታደሩና ሲቪሉ ስምምነቱን ከፈረሙ ወዲህ ኻርቱም ሥራዋ ማግባት ሆኗል። ሰው ሁሉ ወይ ያገባል ወይ ሰልፍ ይወጣል፤ አንዳንዱ ከሰልፉ ቀጥታ ወደ ሰርጉ ነው፣ ባንዲራውንም ሳያወርድ። እና ካርድ ላይ ምን ጎልቶ መታየት እንዳለበት ታውቂያለሽ? አሠሪዬ ምን ይለኛል... «ሰው ካርዱን አንዴ ያየዋል። አንዴ አይቶት የት እንደሚሄድ ካላወቀ ካርድ አይደለም፣ ቅጠል ነው።» ደረቅ ሰው ነው፤ ቅኔ አያውቅም።

ያ የምልሽ ሰው ግን ቅኔ ያውቃል። ጦማር አለው። ኻርቱም ያለን ሐበሻ ሁሉ የምናነበው። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን ለማሳደስ የት እንደሚኬድ ቢሉት እሱ ጽፏል። ሰልፍ ሲኖር የትኛው ሃፍላ፣ የትኛው አውቶቡስ በየት እንደሚዞር ቢሉት ጽፏል። ረጅም ነው፣ ማሻአላህ! ጽሑፉ ከዐማራት ሰፈር ጎዳናዎች ይረዝማል። እነሱ እንኳ ቁጥር አላቸው።

እናልሽ፣ በአብዮቱ ሰሞን ትልቅ ሐሳብ መጣለት። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሌላ ሰው አይመጣም፤ ሌላ ሰው ሥራ አለዋ።

«ሀኒፋ» አለኝ። «ትልቅ ርእስ፣ ትንሽ ርእስ፣ የትንሹ ትንሽ... ይሄ የወደቀው ሥርዓት አሠራር ነው። ሁሪያ! ሰላም! ወዐዳላ! ነፃነትና ፍትሕ! ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ገጽ ላይ ርእስ ሁሉ እኩል ነው።»

አብዮተኛ ፊት ቆሜ ስለ ፊደል መጠን ልከራከር? አደረገው። ሁሉንም ደማቅ፣ ሁሉንም ቀይ፣ ሁሉንም አንድ ልክ። ገጹን ስትከፍቺው ሰልፍ ነው፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። «እሷም እመቤት፣ እኔም እመቤት፣ ማን ይውረድ ከወንዝ» ይሉ የለም ወሎ? እዚያ ገጽ ላይ ያም ርእስ፣ ይሄም ርእስ... ወንዝ የሚወርድ ጠፋ።

ነገርኩት እኮ፣ በደግ ጊዜ። ፈረንጅ ርእሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ይገላገላል፤ የኛ «ሀ» ግን ሁልጊዜ ያችው «ሀ» ናት፣ ትልቅ እህት የላትም። አጋድመን እንጻፋት ብንል የሰከረች ትመስላለች። ስለዚህ መለያችን መጠንና ክፍተት ነው አልኩት። ዋናውን ርእስ ከፍ አድርገው። ከሥሩ ያለውን ቀነስ። የሦስተኛውን ቀለሙን ንሣውና ደመቅ ብቻ ይበል፤ አራተኛ ከፈለግህ ጽሑፍህ ታሟል፣ ለሁለት ክፈለው። ከርእሱ በላይ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተው፣ ከሥሩ ጠበብ አድርግ፤ ርእስ እንደ እናት ወደ ልጆቹ ይጠጋ፣ ከጎረቤት ይራቅ። ይሄን ብቻ ነው ያልኩት።

ምን መለሰልኝ?

«ባዶ ቦታ የቡርዧ ነው።»

ወላሂ! ሳቂ፣ ሳቂ፣ እንግዳችን አይሰማም አልኩሽ። ትን ብሎት ነው የሚያስለው፤ ከርከዴው ይሆናል።

ደግሞስ እውነቱን ነው፤ ርእስ ሰው ገድሎ ያውቃል? አንባቢው ትንሽ ግራ ይጋባል፣ ትንሽ ይሳደባል፣ ወደ ላይ ተመልሶ ይፈልጋል። ሰው አይሞትም። ሽማግሌ ነው የሚጠፋው።

አዎ፣ የኛ ሽማግሌዎች። ባለፈው ጁማ የቀሩት። አንቺ ያን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰሽ፣ አጎትሽ ጂብሪል ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው፣ እኔ በር በሩን እያየሁ... መሸ። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል አልን፤ ሰልፍ ይሆናል አልን። ማታ «ትንሽ የአቀማመጥ ችግር ተፈጥሮ ነው፣ በሚቀጥለው ጁማ» የሚል መልእክት መጣልሽ። የአቀማመጥ ችግር! እኔ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ሻምበል ሪክሻ ውስጥ አቀማመጥ አልመቻቸው ብዬ ነበር።

እስኪ አስቢው። ሌላ ሰው ቢሆን ሽማግሌዎቹን ሻይ ላይ ሰብስቦ «ጋሽዬ፣ በዚህ ዞራችሁ፣ በዚያ ታጥፋችሁ» ብሎ ይሸኛቸው ነበር። እሱ ግን ጻፈላቸው። በጦማሩ ላይ፣ ለእነሱ ብቻ የሚከፈት ገጽ። ለሽማግሌ ክብር ማለት ይሄ ነው። ከኛ ሰው ማን ለሽምግልና ገጽ ከፍቶ ያውቃል?

የመጀመሪያው ርእስ «ጀብራ» ይላል። ስኳሩም፣ ቴምሩም፣ ላንቺ መከናነቢያ የተገዛው ቶብም ያሉት ጀብራ ነዋ፣ ራሱ በተከራየበት ግቢ፣ በሐጃ መሪማ ቤት። ሽማግሌዎቹ ስጦታውን ከዚያ አንሥተው ወደዚህ ሊመጡ ነው። ከጀብራ ሥር «መንገድ»፣ «በር»፣ «ተቀባይ» የሚሉ ሦስት ርእሶች አሉ። «ተቀባይ» ላይ እንዲህ ብሏል... እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ስለሚያምር... «ሐጃ መሪማ ትቀበላችኋለች። ደግ ሴት ናት፣ እጇ ይጣፍጣል፤ እኔ በኻርቱም ከእሷ ቤት ሌላ ቤት አላውቅም።» ባለቤቷ ከሞተ ዓመታት ያለፏትን ሴት እንዲህ ማመስገን ሰዋሰው አይደለም፣ ጽድቅ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ላኪያቸውን እንዲያውቁት ታሪኩን ከተተ። ስጦታ አንሡና መንገድ ግቡ በሚሉት መካከል፣ የሰው ልጅ ታሪኩን የሚያስገባበት ሌላ ቦታ የት አለ? «የሕይወቴ ጉዞ»። ከሥሩ «ደሴ»። «መተማ»። «ገዳሪፍ»። ከዚያ ዋናው መጣ፤ የነገሩ ሁሉ ራስ፣ ያንቺ ርእስ...

«ጀሪፍ»።

ከገዳሪፍ አይበልጥ፣ ከመተማ አያንስ። ያው ቀይ፣ ያው ልክ። እኩልነት!

በይ አሁን ጋሽ ሻምበልን ያዢልኝ። የተሰነጠቀች ስልክ፣ በክር የታሰረ መነጽር። ስክሪኑ ላይ በአንዴ የሚታያቸው የመዳፍ ያህል ነው። በአውራ ጣት ወደ ላይ ገፋ... ደሴ ተወለደ። ገፋ... መተማን ተሻገረ። ገፋ... ገዳሪፍ ሰሊጥ ዐጨደ። ገፋ... ጀሪፍ፦ «ሰማያዊ በር አለ፤ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ አለ፤ አንዲት ልጅ አለች፣ ነፍሴ ናት።» ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ጥላዬ ከጎን ሆነው ሲሰሙ አዘኑ አሉ። «ምስኪን፣ ጀሪፍም ኖሮ ኖሯል! እዚያም ወዶ ነበር!» አሉ።

የድሮ ፍቅር አደረጉሽ ዘሊካ! ከሰሊጡ ቀጥሎ!

ሽማግሌዎቹ ምን አጠፉ? ከደሴ እስከ ገዳሪፍ አንድ ወንዝ ሲፈስ አይተው፣ ጀሪፍ ላይ ወንዙ ቆሞ ሌላ ወንዝ እንደጀመረ በምን ይወቁ? ባዶ ቦታ እንደሆነ የቡርዧ ነው፣ የለም። ለእነሱ ሽምግልናው የሚደርስበት ቤት አንድ ነው፤ መንገዱ፣ በሩ፣ ተቀባይዋ የተጻፈለት ጀብራ። ሲገቡም ስኳሩና ቴምሩ ጥግ ላይ ተደርድሯል። «ስጦታው ቀድሞን ገብቷል፣ ምን ያለ ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው!» አሉ።

ከዚያ ልጅቷን ሲጠይቁ የሚያነቡትን፣ «ንግግር» የሚለውን ከፈቱ።

ንግግሩ ላይ ስም የለም። አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ፣ ሽማግሌ መቼ ስም ይጠራል? «እከሊትን ስጡን» የሚል ሽማግሌ ከገበያ የመጣ ነው የሚመስለው። «በዚህ ቤት ያለችውን ዕንቁ ሽተን መጣን፤ ልጃችሁን ለልጃችን» ነው ወጉ። ጋሽ ሻምበል ተነሥተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንብበው አሉት። በዚህ ቤት ያለችው ዕንቁ...

በዚያ ቤት ያሉት ሐጃ መሪማ ብቻ ናቸው! እና ድመታቸው።

ቆይ፣ ቆይ፣ ልተንፍስ... ሆዴን አመመኝ። እና ምን ታስቢያለሽ፣ ሽማግሌዎቹ ተገረሙ? በፍጹም! ጋሽ ጥላዬ «ሴትየዋ በዕድሜ ላቅ ትላለች፤ ቢሆንም ዘመኑ የአብዮት ነው፣ ልብ የመረጠውን እኛ ምን አገባን» ብለው በሆዳቸው አጸደቁት። ሐጃ ደንግጠው ከጎረቤት ወንድማቸውን አስጠሩ። ወንድምየው «ልጁ ስለ እህቴ ምን ይላል?» ሲል ጋሽ ሻምበል ወደ ላይ ገፍተው፣ «ተቀባይ» የሚለውን አግኝተው፣ ድምፃቸውን ሞርደው አነበቡለት። ደግ ሴት ናት... እጇ ይጣፍጣል... ከእሷ ቤት ሌላ ቤት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሚቀር ምን ማስረጃ አለ? ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ፤ ከአጻጻፍም ይዳራል።

ሐጃ ቶባቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እዚሁ ሱዳን ተወልደው ያደጉ ናቸዋ፣ አማርኛቸው ትንሽ ትንሽ ነው፤ «እሱ... እሱ በራሱ ነው ያለው?» አሉ። «አይዋ፣ በራሱ እጅ ጽፎ!» አሉ ጋሽ ሻምበል፣ ስልኩን እንደ ማኅተም ከፍ አድርገው። «ኸይር ኢንሻአላህ» አሉ ሐጃ። ኸይር! መልካም ነው ማለት አይደል? ወንድምየው ስኳሩን ፈታው። ጎረቤት እልል አለ። ሰፈሩ በአብዮቱ እልልታ ለምዷል፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ነው የሚቀበልሽ። ልጆቹ ቆርቆሮ እየመቱ መጡ።

ያ ሰው ማታ ሲገባ፣ ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ «ያ ዐሪስ! ያ ዐሪስ!» እያሉ ሙሽራው መጣ ብለው ተቀበሉት።

አሁን እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የማደንቀው። እኔ ብሆን እጮኻለሁ። አንቺ ብትሆኚ እዚያው ደጃፍ ላይ «ሐጃ፣ ይቅር በሉኝ፣ ተሳስተው ነው» ትያለሽ፤ ሳቅ ይሆናል፣ ስኳሩ ይመለሳል፣ ያልቃል። እሱ ግን ጨዋ ነው። ሰው ደስ ሲለው ማቋረጥ አይችልም። «ሹክረን... አላህ ይባርክ» ብሎ ሁሉንም ጨብጦ፣ ክፍሉ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ...

ላፕቶፑን ከፈተ።

ምን ይሁን ታዲያ? ስሕተቱ ያለው ርእሱ ላይ ነው፣ ርእሱን ያስተካክላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደግሞ የጋሽ ሻምበል መነጽር ነው ጥፋተኛው ብሏል። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዳዋው መነጽር እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

እና ሳምንቱን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከሐጃ መሪማ ማድቤት ፉል ይወጣል። በሰሊጥ ዘይት፣ እንቁላል ተፈርፍሮበት፣ ለሙሽራው። በሩ ላይ ይቀመጣል። እሱም... ምግብ መመለስ ነውር ነው፣ የተማረ ሰው ይሄን አይስተውም... ይበላል። በልቶ ወደ ርእሶቹ ይመለሳል።

ርእሶቹን ግን ብታያቸው! አልዋሽሽም፣ እጄን አንሥቻለሁ። ትናንት አሳየኝ። አንደኛው ደረጃ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ እንደ ሚኒስትር መኪና ብቻውን የሚሄድ። ሁለተኛው አነስ ብሎ ከሥሩ ስስ መስመር የተሠመረበት። ሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ ያለ። ከላይ ባዶ ቦታ፣ ከታች ጠበብ... ያ ሁሉ ቡርዧ ተመልሶ ገብቷል፣ በክብር። አይንሽን ጨፍነሽ ብትከፍቺው የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ የሚያነቡት ይሄንን ነው። እንኳን ጋሽ ሻምበል፣ ፍየሎቹም አይጠፉም።

እና እንደዚያ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ... እኔ መቼም ዓይኔ ሞያተኛ ነው፣ ምን ላድርገው... ማን የት እንደተቀመጠ አየሁ።

አንደኛ ደረጃ፦ የራሱ ስም። ይገባዋል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ «የሕይወቴ ጉዞ»።

ሦስተኛ ደረጃ፣ ከጉዞው ሥር፣ ወደ ውስጥ ገባ ብለው፦ ደሴ፣ መተማ፣ ገዳሪፍ... ጀሪፍ።

አየሽልኝ? ሽማግሌዎቹ ተሳስተው ያነበቡትን እሱ አስተካክሎ ጻፈው። መስመሩም ቀጥ ብሏል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኛ ዓባይ ዳር ተቀምጠን ነው ምንጭ ስናመሰግን የከረምነው። አንቺ ግን አትቀየሚ፤ ከገዳሪፍ በኋላ መምጣት እኮ ወደፊት መሄድ ነው። ከአንቺ በኋላ ምን ርእስ እንደሚመጣ ደግሞ አላህ ያውቃል፤ ጉዞ ነው፣ ጉዞ ደግሞ...

ሐጃ መሪማስ የት ናቸው አትይኝም? እኔም ፈለግኋቸው። ወረድኩ፣ ወረድኩ። ከግርጌው፣ ደረጃ በሌለው ቦታ፣ በግራጫ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፦ «ባለፈው በጥቃቅን የአቀማመጥ ጉድለት ለተፈጠረው አለመግባባት ማዓሌሽ።» ማዓሌሽ! ሃፍላ ውስጥ እግር የረገጠ ሰው የሚላትን። ያውም ለሽማግሌዎቹ ነው የጻፈው፤ ሐጃ ገጹ አይከፈትላቸውም።

እንግዳችን መተየብ አቆመ መሰለኝ። ሽበካው ሄዶበት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ትናንት መጥበዓው ሊዘጋ ሲል ማን ገባ መሰለሽ? ሐጃ መሪማ። ቡናማ ቶብ፣ የአበባ ሽቶ፣ ሳቅ። «ሀኒፋ ቢንቲ፣ የሰርግ ካርድ ሥሪልኝ» አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው። እንዲህ ነው ነገሩን ሁሉ የሰማሁት፤ ከደሴ እስከ ድመቷ። እሱ እንደሆነ ርእሶቹን እንጂ ርእሰ ነገሩን አሳይቶኝ አያውቅም።

«የሙሽራውን ስም ትልቅ አድርጊው» አሉ ሐጃ። «እሱ ትልቅ ይወዳል። የሴቷን ቦታ ግን... ኻሊ ተዪው፣ ባዶ።»

«ለምን ሐጃ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «እኔ አማርኛ ትንሽ ነው። ግን ዓይን አለኝ። ሽማግሌው "ዕንቁ" ሲል ስልክ ያያል፣ እኔን አያይም። ወዲያው ገባኝ፣ ቤት ተሳስቷል። እኔ ምን ብዬ ባል አገባለሁ፣ በዚህ ሰላሜ? "ኸይር" አልኩ። ለምን? ልጁ ይምጣ ብዬ። ይምጣ፣ "ሐጃ፣ አንቺ አይደለሽም" ይበል፣ አብረን እንስቃለን፣ ኸላስ። ወንድ ልጅ ነው፣ ይመጣል አልኩ። ፉል ላክሁ፤ ሲበላ ያፍራል፣ ይመጣል አልኩ። በማግስቱም ላክሁ። ሳህኑ ባዶውን ይመጣል፣ ቢንቲ። እሱ አይመጣም።»

ከዚያ ቶባቸውን አስተካክለው ምን አሉኝ... «ያቺን የጀሪፏን ልጅ አላውቃትም። ከሳህኑ ጋር ነው የምትኖረው ወይስ ከልጁ ጋር፣ ጠይቂያት።»

እኔ ግን አልጠይቅሽም። ምን አገባኝ? እኔ ስለ ርእስ ነው...

ምነው ከርከዴሽን ሳትጠጪ? ዘሊካ?

ቶብሽን ለምን... ጀብራ? አሁን? ዐስር ሊደርስ ነው እኮ! ኧረ ሪክሻው በር ላይ ነው፣ ልጁ ተኝቷል፣ ቀስቅሺው። እንኳንም ያን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስሽ፤ ሐጃ ቀለም ይወዳሉ። አጎትሽን እኔ እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹንም እኔ እቀበላለሁ፣ አብሽሪ፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ በረዶውም አልቀለጠም። «በዚህ ቤት ያለችው ዕንቁ ማን ናት?» ቢሉኝ «ወጥታለች፣ ላኪያችሁ ሳምንት ሙሉ ያቃተውን፣ ወደ ሐጃ በር የሚያደርሰውን መንገድ ለመሄድ» እላቸዋለሁ። ጋሽ ሻምበል ገጹን ወደ ላይ ገፍተው ይፈልጉት፣ ደረጃው የትኛው እንደሆነ።

እንግዳችን ደግሞ ምነው ብድግ አለ? ንገሪውማ ዘሊካ፣ በእሱ በኩል ነው የምታልፊው፤ አይነሣ በይው፣ ይሄ ወሬ እሱን አይመለከትም። እ... ምንም ሳትይው አለፍሽ? ይሁን። ጸሐፊ ሲሠራ አይረበሽም።

ቆይ ግን፣ በሩን ከመክፈትሽ በፊት፣ ለዚያ ስሙ ለጠፋኝ ሰው ዱዓ ሳናደርግለት አንለያይ፤ ክፉ አላደረገንም። መዳፍሽን ዘርጊ። አላህ ጤናውን ይስጠው። እጁን አያዝለው። ሽበካውን አይቁረጥበት። ደግ፣ ለስላሳ፣ ትዕግሥተኛ ሚስት ይስጠው... እሱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንብባው፣ ከዚያም በኋላ የምትወደው።

አሚን በይ፣ ዘሊካ።